ሎሬታ ሊንን ማን አገኛት?

በ1960 ሐምሌ ወር «ቢልቦርድ» የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት በሚያወጣው የካንትሪ ዘፈኖች የደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ ማንም የማያውቀው አንድ ስም ታየ፤ ሎሬታ ሊን። «አይም ኤ ሆንኪ ቶንክ ገርል» የተሰኘው ዘፈኗ 14ኛ ሆኗል። (እዚህ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካንትሪ ሙዚቃ መናኸሪያ ያኔም ዛሬም በቴነሲ ግዛት የምትገኘው ናሽቪል ናት። ድምፃዊው፣ ግጥምና ዜማ ደራሲው፣ አሳታሚውና ስቱዲዮው በአብዛኛው የሚገኙት እዚያ ነው። የዚህን ዘፈን ሸክላ ያሳተመው ግን «ዜሮ ሪከርድስ» የሚባል፣ ከተቋቋመ ገና ብዙም ያልቆየ ትንሽ የካናዳ ኩባንያ ነበር። ዘፋኟ የ28 ዓመት ሴት ናት፤ የአራት ልጆች እናት። ኑሮዋም ከናሽቪል ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በዋሽንግተን ግዛት ሰሜናዊ ጥግ፣ የካናዳን ድንበር ተጠግታ በምትገኝ ከስተር በምትባል የገበሬዎች መንደር ነው። ዘፈኑንም የጻፈችው ራሷ ናት።

በሙዚቃው ዓለም ስመ ጥር የሆነ ሰው ሁሉ «እከሌ ነው ያገኘው» የሚባልለት ሰው አያጣም። ስለ ሎሬታ ማንበብ ስጀምር እኔም የፈለግሁት ያንን ሰው ነበር። ፍለጋው ግን አንዱን ሳገኝ ከእሱ በፊት ወደነበረው እያሻገረ ካሰብሁት ራቅ ያለ ቦታ አደረሰኝ። መልሱን ከመናገሬ በፊት መንገዱን እንደሄድሁበት ልተርከው።

መኪናውና ሸክላው

መጀመሪያ የገረመኝ፣ እንዲህ ያለ ሸክላ በመላ አሜሪካ መሰማቱ ነበር። ኩባንያው ለማስተዋወቅ የሚያወጣው በቂ ገንዘብ አልነበረውም፤ ሥራውን የሠሩት ባልና ሚስቱ ናቸው። ባሏ ኦሊቨር ሊን፣ ሰው ሁሉ «ዱሊትል» ወይም ባጭሩ «ዱ» የሚለው፣ ፎቶግራፍ አነሳት። ሸክላውንና ፎቶውን አንድ ላይ እያሸጉ ካንትሪ ለሚያጫውቱ የሬዲዮ ጣቢያዎች በሺዎች ላኩ። ከዚያም ሸክላ መኪናቸው ላይ ጭነው መንገድ ገቡ።

የሬዲዮ ማማ ከሩቅ ሲታያቸው ወደዚያው ይታጠፋሉ። ሎሬታ አለባበሷን አስተካክላ ትገባና ዘፈኗን እንዲያጫውቱላት ትጠይቃለች። ሌሊት መኪናው ውስጥ ይተኛሉ፤ ምሳቸውም እራታቸውም ዳቦ በሞርታዴላና በአይብ ነው። ልፋቱ ፍሬ ያፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን የአንዲት ትንሽ ከተማ ጣቢያ አዘጋጅ የሚያጫውተውን ሸክላ በአብዛኛው ራሱ ይመርጥ ነበር። በየሳምንቱ በፖስታ ከሚደርሰው ክምር ውስጥ አንዱን መዝዞ እንዲያዳምጥ ደግሞ ደጁ ድረስ የመጣች ባለቤት የተሻለ አማላጅ ናት። እንዲህ ጣቢያ በጣቢያ እየተጠራቀመ ነው 14ኛ ደረጃ የተገኘው።

ታዲያ ያገኟት የሬዲዮ አዘጋጆቹ ናቸው? ዘፈኗን ለሕዝብ ያደረሱት እነሱ መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን እነሱ ዘንድ የደረሰችው የተቀዳ ሸክላ በእጇ ይዛ ነው። ሸክላውን ማን አስቀዳላት?

የእጅ ሰዓት የተሸለመችው ሴት

ታኮማ በዋሽንግተን ግዛት ያለች የወደብ ከተማ ናት። በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚያ የሚተላለፍ አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ነበር። መሪው ባክ ኦውንስ ነው፤ ያን ጊዜ ስም ለማውጣት የሚታገል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከካንትሪ ታላላቆች አንዱ የሆነ ሰው። ሎሬታ በዚያ የተሰጥኦ ውድድር ቀርባ አሸነፈች። ሽልማቷም የእጅ ሰዓት ነበር።

ውድድሩ ከሰዓቱ የበለጠ ነገር አስገኘላት። ኖርም በርሊ የተባለ ካናዳዊ ባለሀብት ስትዘፍን በቴሌቪዥን አያት። በድምፅዋ ከመማረኩ የተነሳ ከሌሎች ጋር ሆኖ «ዜሮ ሪከርድስ»ን አቋቋመ። ሌላው ካናዳዊ ዶን ግራሺም በዚሁ ጥረት ውስጥ ዋና ሰው ነበር፤ ቀረጻውን ያመቻቸው እሱ ነው። ሎሬታ በ1960 የካቲት 2 ቀን የመጀመሪያ ውሏን ፈረመች። ከዚያም ካሊፎርኒያ ወርዳ ሆሊውድ ውስጥ ባለ ስቱዲዮ አራት ዘፈኖች ቀዳች።

ያንን ሸክላ ዛሬም ፈልጎ ማዳመጥ ይቻላል። ከድምፅዋ ቀጥሎ ጆሮ የሚይዘው ስፒዲ ዌስት የተጫወተው ስቲል ጊታር ነው። ይህ ጊታር አግድም ተጋድሞ ይመታል። ተጫዋቹ በግራ እጁ የያዘውን የብረት ዘንግ በክሮቹ ላይ ሲያንሸራትት ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ይሳባል፤ ሰው እህህ ሲል እንደሚሰማው ዓይነት። ሎሬታ በዚያ ላይ ስትዘፍን ድምፅዋን አታስጌጥም። ቃሉን ጎረቤቷን እንደምታናግር ሴት በቀጥታ ታወጣዋለች፤ የተወለደችበት ተራራማ አገር አነጋገርም አልለቀቃትም።

እዚህ ላይ ነው በርሊንም ግራሺንም «አግኚ» ብዬ ፋይሉን እንዳልዘጋ ያደረገኝ ነገር። አራቱም ዘፈኖች የራሷ ድርሰቶች ነበሩ። ለአዲስ ዘፋኝ ግጥምና ዜማ ፈልጎ ማቅረብ የአሳታሚው ሥራ በነበረበት ዘመን ይቺ ሴት ጓዟን ጠቅልላ ነው የመጣችው። እንዲህ አድርጎ መጻፍን ከየት አመጣችው?

17 ዶላር

አንድ እርምጃ ወደኋላ ስንመለስ ዱን እናገኛለን። ሎሬታ ቤት ስታጸዳ፣ ልጅ ስታስተኛ ትዘፍናለች። ዱ ይሰማታል። በሬዲዮ ከሚሰሙት ዘፋኞች ብዙዎቹን ታስንቃለች ብሎ አመነና በ1953 የ17 ዶላር ሃርመኒ ጊታር ገዝቶ ሰጣት። እሷ ያን ጊዜ 21 ዓመቷ ነበር። ሌላ ሰው ፊት ቆሞ መዝፈን በሐሳቧም አልነበረም፤ ዓይን አፋር ነበረች።

ጊታሩን ያስተማራት ሰው የለም። ልጆቿ ከተኙ በኋላ ክሮቹን እየሞከረች በራሷ ተማረች። የታዋቂ ዘፈኖች ግጥም የሚታተምበት መጽሔት ደግሞ ነበር። በጆሮዋ ብቻ የምታውቀውን ዘፈን በዚያ ላይ ተጽፎ ስታየው አሠራሩ ተገለጠላት፤ ታሪኩ የት እንደሚጀመር፣ አዝማቹ የት እንደሚመለስ፣ ቤት እንዴት እንደሚመታ። ይህንንማ እኔም እችላለሁ አለችና መጻፍ ጀመረች።

መድረክ ላይ ያወጣትም ዱ ነው። የአካባቢውን ሙዚቀኞች ፈልጎ፣ ሚስቱ ከኪቲ ዌልስ ቀጥላ የምትጠቀስ ዘፋኝ እንደሆነች ነገራቸው። ይህ ትልቅ ቃል ነበር። ኪቲ ዌልስ በ1952 በካንትሪ ሰንጠረዥ ላይ ብቻዋን ዘፍና አንደኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ ሎሬታም ከማንም አብልጣ የምታደንቃት እሷን ነበር። ሎሬታ በገበሬዎች ማኅበር አዳራሽ፣ ቀጥሎም ብሌን በምትባለው የድንበር ከተማ ባለ መጠጥ ቤት መዝፈን ያዘች። ወንድሟ ጄይ ሊ በጊታር እያጀባት የራሷን ባንድ አቋቋመች።

ዱ ቅዱስ አልነበረም። ይጠጣ ነበር፤ ሌላ ሴት ያይ ነበር፤ ይጣሉም ነበር። ይህን ሎሬታ ራሷ አልደበቀችም፤ ጽፋዋለች፣ ዘፍናዋለችም። ያም ሆኖ እሱ ባይኖር ኖሮ መድረክ ላይ እንደማትወጣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትናገር ኖራለች። እንግዲህ «ያገኛት» የሚለው ማዕረግ ለአንድ ሰው ይሰጥ ከተባለ ከሁሉ የሚቀርበው ዱ ነው። እኔም እዚህ ስደርስ ፍለጋዬ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ይሁን እንጂ ዱ የሰጣት ጊታርና ድፍረት ነው። ድምፁና ታሪኩ ከሱ በፊት ነበሩ።

ቅዳሜ ማታ በቡቸር ሆሎው

ሎሬታ ዌብ በ1932 ሚያዝያ 14 ቀን በኬንታኪ ግዛት ምሥራቃዊ ተራሮች መካከል በምትገኝ ቡቸር ሆሎው በምትባል ጠባብ ሸለቆ ተወለደች። ከስምንት ልጆች ሁለተኛዋ ናት። አባቷ ቴድ ዌብ ቀን ትንሽ መሬቱን እያረሰ፣ ማታ ቫን ሊር በሚገኘው ጉድጓድ የድንጋይ ከሰል ይቆፍር ነበር። እናቷ ክላራ የእንጨት ቤታቸውን ግድግዳ በጋዜጣና በመጽሔት ገጾች ትለጥፈው ነበር። የልጅቱንም ስም ያወጣችላት ሎሬታ ያንግ ከተባለችው የፊልም ተዋናይት ነው።

ቤቱ መብራት አልነበረውም፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ግን ነበረው። ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ከናሽቪል የሚተላለፈውን «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» ይሰማል። ይህ ዝግጅት ከ1925 ጀምሮ የካንትሪ ዘፋኞች በየሳምንቱ በቀጥታ የሚዘፍኑበት ነው። የሚያስተላልፈው ጣቢያ ኃይሉ ከፍተኛ ስለነበር ማታ ማታ ተራራውን አልፎ ሩቅ አገር ይደርሳል። እናቷም መርከብ ሲሰጥም፣ ሰው ሲሞት፣ ፍቅር ሲፈርስ የሚተርኩ የቆዩ ዘፈኖች ታስተምራት ነበር። ሎሬታ በረንዳ ላይ ታናናሾቿን እያባበለች ትዘፍናለች። አባቷ ሸለቆው ሁሉ እየሰማሽ ነው፣ ዝም በይ ሲላት፣ ምን ችግር አለው፣ ሁሉም ዘመዶቻችን አይደሉም ወይ ብላ እንደመለሰችለት ትናገር ነበር።

ስለዚህ ተራራማ አገር ሙዚቃ አንድ ነገር እኛንም ይነካል። እንግሊዛዊው የባህል ዘፈን ሰብሳቢ ሴሲል ሻርፕ ከ1916 እስከ 1918 ኬንታኪን ጨምሮ በአፓላቺያ ተራሮች እየዞረ ከመንደር አዛውንት አፍ ዜማ ሲመዘግብ ብዙዎቹ በአምስት ድምፅ ብቻ የተሠሩ ሆነው አገኛቸው። የእኛም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ቅኝቶች አምስት ድምፅ ናቸው። በተለይ ሜጀር የሚባለው ትዝታ ድምፆቹ በእነዚያ ተራሮች ዜማ ውስጥ ከሚዘወተረው ቅኝት ጋር አንድ ናቸው። በካሴት ዘመን ኬኒ ሮጀርስና ዶን ዊልያምስ፣ ዶሊ ፓርተንም አዲስ አበባ ውስጥ ያን ያህል የተወደዱት ለምን እንደሆነ ሳስብ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ይመስለኛል። ጆሯችን ቋንቋውን ባያውቅም ዜማው እንግዳ አይሆንበትም።

ሎሬታ ዱን ያገኘችው ሴቶች የጋገሩትን ኬክ ወንዶች በጨረታ በሚገዙበት የመንደር ድግስ ላይ ነው። እሱ ከጦርነት የተመለሰ የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከሁሉ አብልጦ ከፍሎ የእሷን ወሰደ። ስኳር መስሏት ጨው ጨምራበት እንደነበር ትናገራለች። በ1948 ጥር ወር ተጋቡ። ሎሬታ በሕይወት ታሪኳ መጽሐፍ ላይ ያን ጊዜ 14 ዓመት እንኳ እንዳልሞላት ጽፋ ነበር፤ ለአሥርተ ዓመታትም ሰው ሁሉ ይህንኑ ያምን ነበር። በ2012 ግን አሶሼትድ ፕሬስ የልደትና የጋብቻ ሰነዶቿን ከኬንታኪ መዝገብ አውጥቶ 15 ዓመቷ እንደነበር አሳየ። በዚህም አለ በዚያ ገና ልጅ ነበረች። በዚያው ዓመት ነፍሰ ጡር ሆና ከቤተሰቧ ተለይታ ወደ ከስተር ሄደች። ጎረቤት በሌለበት ቦታ ለሌላ ሰው እየሠራች፣ እንጆሪ እየለቀመች፣ ልጅ እያሳደገች ኖረች።

በመጠጥ ቤቱ ጥግ

ድምፅና ቅኝት ከሸለቆው፣ ጊታር ከዱ መጣ። ያን የመጀመሪያ ዘፈን ግን ማን ሰጣት? የፍለጋዬን አቅጣጫ የቀየረው የዚህ መልስ ነው።

ሎሬታ በምትዘፍንበት መጠጥ ቤት አንዲት ሴት ትመጣ ነበር። ባሏ ጥሏት ሄዷል። ቢራዋን ይዛ ትቀመጥና ታለቅሳለች። ሎሬታ መድረክ ላይ ሆና ታያታለች፤ ሲያመቻትም ታሪኳን ሰማቻት። «አይም ኤ ሆንኪ ቶንክ ገርል» የዚያች ሴት ዘፈን ነው። ሎሬታ «እኔ» እያለች የዘፈነችው የሌላ ሰው «እኔ» ነበር።

ይህ ነገር ሲገባኝ የቀደሙትን ምስክሮች ሁሉ እንደገና አየኋቸው። አዘጋጆቹ ሸክላ ሰሙ። በርሊ በቴሌቪዥን አያት። ዱ ቤት ውስጥ ስታንጎራጉር ሰማት። እነዚህ ሁሉ እሷን የሰሙ ሰዎች ናቸው። ዘፈኑ የተወለደው ግን እሷ ስትሰማ ነው። እስከዚህ ድረስ ስፈልግ የቆየሁት የሎሬታን ጥሩ ድምፅ ያወቀውን ሰው ነበር፤ ከዚህ በኋላ የጆሮዋን መንገድ መከተል ነበረብኝ።

ናሽቪልና ዋጋው

በ1960 ጥቅምት 15 ቀን፣ ቅዳሜ ማታ፣ ሎሬታ በልጅነቷ በሬዲዮ ስትሰማው በኖረችው በ«ግራንድ ኦል ኦፕሪ» መድረክ ላይ ቆመች። ሬዲዮ ቤቷ ያስገባላት አባቷ አልሰማትም። በከሰል አቧራ የተጎዳ ሳንባ ይዞ ኖሮ ዓመት ሲቀድማት በ1959 ሞቷል።

ቤተሰቡ ናሽቪል አካባቢ ከሰፈረ በኋላ ወዳጅ ያፈራችበት መንገድም በጆሮ ነው። በ1961 ሰኔ የዘመኑ ታላቅ ድምፃዊት ፓትሲ ክላይን በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎድታ ሆስፒታል ተኛች። ሎሬታ ከኧርነስት ተብ የሸክላ መሸጫ በሚተላለፈው የሌሊት የሬዲዮ ዝግጅት ላይ የፓትሲን ዘፈን ለራሷ ለፓትሲ መታሰቢያ ብላ ዘፈነችላት። ፓትሲ አልጋዋ ላይ ሆና ሰማች፤ ባሏንም ልካ አስመጣቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አለባበስን፣ መድረክ አያያዝን፣ ገንዘብ ሳይቀበሉ አለመዝፈንን ያስተማረቻት ፓትሲ ናት። በ1963 መጋቢት ፓትሲ በአውሮፕላን አደጋ ሞተች። ሎሬታ በቀጣዩ ዓመት ከወለደቻቸው መንታ ሴት ልጆች አንዷን ፓትሲ አለቻት።

ትልቅ ኩባንያ ያስገቧት ደግሞ ዊልበርን ወንድማማቾች ናቸው። ራሳቸው ዘፋኞች ነበሩ፤ የዘፈን ድርሰት አሳታሚ ድርጅትም ነበራቸው። የዴካ ኩባንያ ፕሮዲዩሰር ኦወን ብራድሊ ናሙና ቀረጻዋን ሲሰማ ድምፅዋ ከኪቲ ዌልስ ጋር በጣም ተመሳሰለበትና ሊቀበላት አመነታ። በዚያው ቀረጻ ላይ የዘፈነችውን «ፉል ነምበር ዋን» የተባለ ዘፈን ግን ለወጣቷ ብሬንዳ ሊ ፈለገው። ዶይል ዊልበርን ዘፈኑን የምሰጥህ ሎሬታን ካስፈረምህ ነው አለው። ተስማሙ። ብሬንዳ ዘፈኑን ይዛ ከአገሪቱ ተወዳጅ ዘፈኖች ሰንጠረዥ አናት አጠገብ ደረሰች፤ ሎሬታ ውሏን አገኘች። በ1962 «ሰክሰስ» የተባለው ዘፈኗ 6ኛ ወጣ። በዚያው ዓመት መስከረምም የኦፕሪ ቋሚ አባል ሆነች።

ይህ በር ሲከፈት ሌላ በር ተቆልፎባታል። ለወንድማማቾቹ ድርጅት በፈረመችው ውል የጻፈቻቸውን ዘፈኖች የማሳተም መብት አሳልፋ ሰጥታለች። የዘፈን ደራሲ ኑሮ የሚቆመው በዚህ መብት ላይ ነው፤ ዘፈኑ በተሸጠና በሬዲዮ በተጫወተ ቁጥር ገቢ የሚያመጣው እሱ ነው። በኋላ ከእነሱ ብትለይም ለ30 ዓመት ያህል ስትሟገት ኖራ መብቷን ማስመለስ አልቻለችም። በ1970ዎቹም የራሷን ድርሰት መቅዳት እየቀነሰች ሄደች፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነበር። ገና የሚያድግ ሙዚቀኛ ሁሉ ይህን የታሪኳን ክፍል ከሌላው አስበልጦ ሊያነበው ይገባል እላለሁ። መድረክ የሚሰጥህ ሰው ወረቀት ሲያቀርብልህ ወረቀቱን ለሚያውቅ ሳታስነብብ አትፈርም።

ከመጋረጃው ጀርባ

በ1960ዎቹ አጋማሽ አንድ ማታ ሎሬታ መድረክ ላይ ልትወጣ ስትዘጋጅ አንዲት ሴት ወደ ኋላ ገብታ አለቀሰችባት። ባሌ ሌላ ሴት ይዞ መጥቷል፤ ከፊት ተቀምጠዋል አለቻት። ሎሬታ መጋረጃውን ገልጣ ያቺን ሌላዋን ሴት አየቻት። ዞር ብላም፣ ይቺ ባንቺ ባል ላይ አቅም የሚኖራት ሴት አይደለችም የሚል ነገር ተናገረች። ይህን እንደተናገረች ዘፈን መሆኑ ታወቃት። መልበሻ ክፍሏ ገብታ ጻፈችው። «ዩ ኤይንት ዉማን ኢናፍ» በ1966 2ኛ ወጣ።

ከመጠጥ ቤቷ ሴት እስከዚህች ድረስ መንገዱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ግን ብዙ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ዘፈን ውስጥ ገብታ እንዳለቀሰች ቀረች። ሁለተኛዋ ስታለቅስ መጥታ መልስ ይዛ ሄደች። በዚያው 1966 በቬትናም ጦርነት ባሎቻቸውን ለሚጠብቁ ሚስቶች የጻፈችው ዘፈን 4ኛ ደረጃ ደረሰ። ቀጥሎ ከእህቷ ጋር የጻፈችው፣ ሰክሮ ለሚመጣ ባል የተነገረ ዘፈን በ1967 መጀመሪያ የመጀመሪያ አንደኛነቷን አስገኘላት። እስከዚያ ድረስ ካንትሪ ውስጥ ስለ ስካርና ስለ ክህደት የሚዘፍኑት በአብዛኛው ወንዶቹ ነበሩ፤ ቤት ሆና የምትጠብቀው ሴት ምን እንደምትል በራሷ አንደበት ሲሰማ ሴቶቹ ሸክላ መሸጫዎቹን አጥለቀለቁ። የዱም ጥፋት በየተራ ዘፈን ሆነ።

የከሰል ቆፋሪው ልጅ

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት የሌላውን ሴት ሕይወትና የትዳሯን ጉድ ስትጽፍ ቡቸር ሆሎውን አልነካችውም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ግን ስለ ልጅነቷ መጻፍ ጀመረች። ጉድጓድ የሚወርደው አባት፣ ልብስ ስታጥብ ጣቷ የሚደማው እናት፣ ጫማ የሚገዛበት ወቅት፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን መጽሐፍ ቅዱስ የሚነበብበት ቤት አንድ በአንድ እየተከታተሉ ወጡ። ዘፈኑ ረዘመ። ፕሮዲዩሰሯ ብራድሊ ለሬዲዮ እንዲመች አሳጥሪው ስላላት ብዙ አንጓዎች ቆረጠች፤ በዚህም ስታዝን ኖራለች። በ1969 ጥቅምት ተቀድቶ አንድ ዓመት ያህል ሳይለቀቅ ቆየ። በ1970 «ኮል ማይነርስ ዶውተር» ተብሎ ሲወጣ በዚያው ታኅሣሥ አንደኛ ሆነ።

ዘፈኑን ስትሰሙ ምሬት አታገኙበትም። ድህነቱን አላለበሰችውም፣ አላሳመረችውምም፤ የነበረውን በስሙ እየጠራች ቆጠረችው። የመጠጥ ቤቷን ሴት ስታዳምጥ የተማረችውን ማዳመጥ ወደ ራሷ አዙራው ነበር። በዚህ ስም የሕይወት ታሪኳ መጽሐፍ በ1976፣ ፊልሙ በ1980 ወጣ፤ ሎሬታን ሆና የተወነችው ሲሲ ስፔሴክ ኦስካር አገኘችበት። ሎሬታ ራሷ በ1972 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ የመድረክ ሰው ብሎ የሸለማት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ2013 ፕሬዚዳንት ኦባማ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሜዳሊያ አጠለቁላት። በ2022 ጥቅምት 4 ቀን በ90 ዓመቷ ቴነሲ በሚገኘው ቤቷ አረፈች።

የተወለደችበት የኬንታኪ ክፍል ዛሬም ደራሲ ማፍራቱን አላቆመም። በዚያ የሚያልፈው 23 ቁጥር አውራ ጎዳና «የካንትሪ ሙዚቃ መንገድ» ይባላል። ታናሽ እህቷ ክሪስታል ጌል ከዚያው ናት። ለዓመታት ለሌሎች ሲጽፍ ቆይቶ በ2015 በራሱ አልበም የታወቀው ክሪስ ስቴፕልተን ያደገው ሎሬታ በተወለደችበት ቀበሌ አቅራቢያ ነው፤ አባቱም የከሰል ማዕድን ሰው ነበር። ታይለር ቺልደርስ የመጣው ከጎረቤቱ አውራጃ ነው። ሁለቱም ዘፋኝ ከመባላቸው በፊት ዘፈን ይጽፉ ነበር።

ሎሬታን ማን አገኛት ለሚለው ጥያቄ አሁን መልስ አለኝ። ዱ ድምፅዋን አገኘ፤ በርሊ ገበያ አገኘላት፤ ፓትሲ ወዳጅ ሆነቻት፤ ዊልበርኖች በር አስከፈቱላት፣ አስከፈሏትም። ዘፈኖቿን ግን ያገኘቻቸው ራሷ ናት፤ ከምታለቅስ ሴት አጠገብ ቁጭ ብላ ስለሰማች አገኘቻቸው። አዲስ ዘፋኝ ስንሰማ ድምፁ ምን ያህል እንደሚያምር እንጠይቃለን። የማንን ታሪክ ሰምቶ ነው የመጣው ብለንም እንጠይቅ። ጥሩ ድምፅ በየመንደሩ ሞልቷል፤ ለዘመናት የሚቆየውን ዘፈን የሚጽፈው የሰው ችግር ሲነገር ትዕግሥት ያለው ጆሮ ነው፤ እንዲህ ያለው ጆሮ ደግሞ መሰልጠን ይችላል።